የእምዬ ነጠላ፦ አንድ ኔጌቲቭ በጨለማ ክፍልም በኮምፒውተርም

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ከዋሽንግተን ደወለች። "ያንን የእምዬን የጥምቀት ፎቶ አጥበህ ላክልኝ፤ ትልቅ አድርጌ ሳሎን ልሰቅለው ነው" አለችኝ። እምዬ የምንላት አያታችንን ነው። ካረፈች አሥር ዓመት ሊሞላት ነበር። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። 1991 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ ጥምቀት፣ ፋሲለደስ መዋኛ አጥር ሥር። ካሜራው ዜኒት፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ። እምዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት እየመታት፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታየኛለች።

"አጥበህ" የሚለው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ዛሬም ፎቶ "አሳጠብኩ" ነው የምንለው። ከቤት ፕሪንተር ደርቆ የሚወጣውንም "ታጠበ" እንላለን። እናም ለምን በሁለቱም መንገድ አልሠራውም አልኩ። አንዱን እንደ ድሮው በጨለማ ክፍል፣ ሌላውን ስካን አድርጌ በኮምፒውተር። ኔጌቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የተቀረጸበት ፊልም) አንድ ነው፣ ሠሪውም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ማወዳደሪያ በቀላሉ አይገኝም። ፎቶ የምታነሱ ልጆች "ፊልም ይሻላል ወይስ ዲጂታል?" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ የሆነውን ሁሉ ከነስህተቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ የታጠበ ፎቶ ማድረቅና ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ነበር። ጨለማ ክፍል እስክገባ ወራት ፈጀብኝ። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ብዙ አያወሩም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ይሉኝ ነበር፦ "መጀመሪያ እየው። ካላየኸው አታትመው።" ኔጌቲቩን መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ይዘው ረጅም ጊዜ ያዩታል። ፊቱ የቱ ጋ ነው፣ ነጩ የቱ ጋ ነው፣ የትኛው ነው ብርሃን የሚፈልገው። ያኔ ወረቀት ውድ ነበር። አንድ ወረቀት ካበላሸሁ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

አሁን ወደ እምዬ ፎቶ ልመለስ። የኛን ሰው በጥቁርና ነጭ ያነሳ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ጠይም ፊት፣ አጠገቡ ድምቅ ያለ ነጭ ነጠላ፣ ላዩ ላይ የጥር ፀሐይ። ኔጌቲቭ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፊቱ ስስ ይሆናል፣ ነጠላው ድፍን ይላል። ለፊቱ የሚበቃውን ብርሃን ሰጥተህ ስታትም ነጠላው ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለነጠላው ብለህ ስትጨምር ደግሞ ፊቱ ይጠቁርና የሰውየው መልክ ይጠፋል። የጎንደር ፎቶ ቤት ግማሽ ሥራው ይህን ማስታረቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ጨለማ ክፍሉን ያዘጋጀሁት አዲስ አበባ የምኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንኩ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደረብኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ክፍሉ ጨለመ ብላችሁ ወዲያው ሥራ አትጀምሩ። ገብታችሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ነው ቀዳዳው ሁሉ የሚታየው። እኔ በበሩ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ያየሁት ስድስት ሰባት ደቂቃ ከቆየሁ በኋላ ነው። ቀዩን መብራትም ፈትኑት። ትንሽ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጡ፣ በላዩ ሳንቲም አድርጉ፣ ቀይ መብራቱን አብርታችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ክተቱት። የሳንቲሙ ክብ ቅርጽ ከወጣ መብራታችሁ ወረቀቱን እያበላሸ ነው ማለት ነው። ወይ አርቁት ወይ ቀይሩት።

ወረቀቱን አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ነው ያመጣልኝ። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ኢልፎርድም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር፣ ደግነቱ ተረፈ። የምጠቀመው የእሱን መልቲግሬድ ነው። ድሮ ጋሼ ቤት ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ወረቀት ለየብቻ ነበር የሚገዛው። ቁጥሩ ሲጨምር ኮንትራስቱ፣ ማለትም የጥቁርና የነጩ ልዩነት፣ ይጨምራል። ለስላሳ ኔጌቲቭ ከመጣ 3፣ ለኮስታራው 2። መልቲግሬድ ግን አንድ ወረቀት ሆኖ፣ በኢንላርጀሩ (ኔጌቲቩን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ በሚያበራው መሣሪያ) ብርሃን መንገድ ላይ በሚደረግ ባለቀለም ፊልተር ኮንትራስቱ ይቀየራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ኬሚካሉን በዱቄት ብታገኙ ይሻላል፣ ለመሸከምም ለማስቀመጥም ይቀላል። ስቶፕ ባዝ (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያስቆመው) ካጣችሁ አትጨነቁ። ከሱቅ የምትገዙት 5 ከመቶ አሲድ ያለው አቼቶ፣ አንድ እጁን ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ስትደባልቁት በደንብ ይሠራል። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ግን ምትክ የለውም። የሙቀቱን ነገር አደራ። ዴቨሎፐር 20 ዲግሪ ላይ ነው የሚታሰበው። እንደ ጎንደርና አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ ክረምት ላይ ውሃው ከ15 ዲግሪ ይወርዳል። ያኔ ምስሉ እየተጎተተ ይወጣል፣ ጥቁሩም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ወረቀቱን ነው የሚወቅሰው። ትሪውን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። እጃችሁንም ጠብቁ። አንዳንድ ዴቨሎፐር ውስጥ ያለው ሜቶል ቆዳ ያሳክካል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። መቆንጠጫ ወይም ጓንት ተጠቀሙ። ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ የብር ማዕድን ስላለ ጓሮ ወይም ጉድጓድ ውኃ አጠገብ አትድፉት።

ሥራውን የጀመርኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በመጀመሪያ የሙከራ ቁራጭ። ከወረቀቱ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ቆረጥኩ። ፊቷና ነጠላዋ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነው። በካርቶን እየሸፈንኩ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት ሴኮንድ ሰጠሁት። ቁራጩ ታጥቦ ሲወጣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ። ፊቷ ጥሩ የሆነው አሥር ሴኮንድ አካባቢ ነው። ነጠላዋ ላይ የጥለቱ መስመር መታየት የጀመረው ሃያ አምስቱ ጋ ሲደርስ ነው። ጠቅላላው ፎቶ አሥራ አምስት ይፈልጋል።

ስለዚህ ዕቅዱ እንዲህ ሆነ። አሥራ አምስት ሴኮንድ ለሁሉም። ከዚያ ውስጥ አራት ሴኮንዱን ፊቷን መጋረድ። ለዚህ ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ የለጠፍኳት እንቁላል የመሰለች ካርቶን አለችኝ። እሷን ፊቷ ላይ እያወዛወዝኩ ብርሃኑን እከለክላለሁ፤ ካላወዛወዝኳት ጠርዟ ፎቶው ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ለነጠላው ብቻ ተጨማሪ አሥራ ሁለት ሴኮንድ፣ መሃሉ በተበሳ ካርቶን። ያ ፊልተር ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ነው። ለፊቷ ቁጥር 3 ተጠቀምኩ፣ የግንባሯ ሽብሽብና የአንገቷ ንቅሳት ጎልተው እንዲወጡ። ለነጠላዋ ግን ቁጥር 1 ቀየርኩ። ለስላሳው ፊልተር ነጩ ውስጥ ያለውን ስስ ልዩነት ያወጣዋል፣ የሸማው ሽመና ሳይቀር ይታያል። ጋሼ ይህን መልቲግሬድ አላገኙትም። ቢያገኙት ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ወረቀቱን ዴቨሎፐር ውስጥ አንሸራተትኩት። ትሪውን ቀስ ብዬ እያዘነበልኩ መቁጠር ጀመርኩ። ይህን ላላያችሁት፦ መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁሩ ነው። ከኋላዋ ያለው የዋርካው ጥላ ብቅ አለ። ቀጥሎ ዓይኖቿ መጡ። ሌላ ምንም በሌለበት ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይን። ከዚያ አፍንጫዋ፣ ጉንጯ፣ በአንገቷ ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደረው ንቅሳት። ነጠላዋ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲመጣም ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ እጥፋቱ፣ ከዚያ ጥለቱ። ሆዴ ባባ። ሰው ከጭጋግ ውስጥ ወደ አንተ ሲመጣ እንደማየት ነው። ይህን ኮምፒውተር አይሰጥም፣ እውነቱን ተናግሬ ልለፍ።

ግን ያ ወረቀት አልሆነም። ፊቷን ጋርጄ የያዝኳት ካርቶን ትንሽ ዘግይታ ተነሳችና ጉንጯ ዙሪያ የነጣ ክብ ተወ። ሁለተኛው ላይ ነጠላውን ስጨርስ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ፀጉሯ መስመር ላይ ጠቆረ። ሦስተኛው መሃል ላይ መብራት ሄደ። እንዲህ ሲሆን አትደናገጡ፣ በር እንዳትከፍቱ ብቻ። ወረቀቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት፣ የኢንላርጀሩን ማብሪያ አጥፉ፣ ስንት ሴኮንድ እንደቀራችሁ አስታውሱ። እኔ ማብሪያውን ማጥፋት ረሳሁ። መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድንገት ሲመጣ ላስቲኩን አንስቼ ነበር፣ ወረቀቱ ተቃጠለ። አምስተኛው ደህና ነበር፣ ግን ሲደርቅ ጨለመብኝ። የፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልለበሰው) እርጥብ እያለ ሲያዩት ደመቅ ይላል፣ ሲደርቅ ግን ከአምስት እስከ አሥር ከመቶ ይጠቁራል። ይህን ከጋሼ ተምሬ ረስቼው ነበር። ሰባተኛው ሆነ። ሰዓቴን ሳይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አምስት ሰዓት፣ ሰባት ወረቀት፣ አንድ ፎቶ።

ማጠቡ ደግሞ ገና ነው። የፋይበር ወረቀት አንድ ሰዓት ያህል በሚቀያየር ውሃ መታጠብ አለበት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ፎቶ ቤት ሳለሁ ውሃ በጀሪካን ነበር የምንቀዳው፣ እኔም ድካም ሲበዛብኝ ማጠቢያ ውሃውን ሁለቴ ቀይሬ አወጣቸው ነበር። ያኔ ማንም አላወቀም፣ ሲታዩ ያምራሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቤት ለቅሶ ልደርስ ገብቼ የሟቹን ፎቶ ግድግዳ ላይ አየሁት። እኔ ያተምኩት ነው። ቢጫ ብሎ፣ ፊቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። በደንብ ያልታጠበ ፊክሰር ነው ያንን የሚያደርገው። ቤተሰቡ ያለው ፎቶ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጠብን አሳጥሬ አላውቅም።

ውሃ የሚያጥራችሁ ካላችሁ ለፊልም ጥሩ ዘዴ አለ። ኢልፎርድ ራሱ የሚመክረው ነው። ፊልሙ ያለበትን ታንክ ውሃ ሙሉ፣ አምስት ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉት። እንደገና ሙሉ፣ አሥር ጊዜ። እንደገና፣ ሃያ ጊዜ። አለቀ። ሦስት ታንክ ውሃ ማለት ነው። ፕላስቲክ ለበሱ አርሲ ወረቀትም በጥቂት ደቂቃ ይታጠባል፣ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ፋይበሩን ለምትሳሱለት ፎቶ አቆዩት።

በማግስቱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ኔጌቲቩን ስካነር ላይ በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ) አነሳሁት። ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ይህ ወደ 2260 በ3400 ፒክስል ይሰጣል። 18 በ24 ሳንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ ለማተም ከበቂ በላይ ነው። አቧራው ግን ጉድ ነው! የዓይን ብሌኗ ላይ ሳይቀር ነጭ ነጥብ ነበረ። በጨለማ ክፍሉ ሥራ ያንን በቀጭን ብሩሽና በቀለም አንድ በአንድ ነጥብ እያደረግኩ ነው የሞላሁት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ እንደ አዲስ። በኮምፒውተር አንዴ ካጸዳሁት ለዘላለም ጸዳ። እዚህ ዲጂታሉ ያለ ክርክር ያሸንፋል።

ፊቷን ማብራትና ነጠላዋን ማጥቆር የወሰደው ሃያ ደቂቃ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ስማቸውም ዶጅና በርን ነው፣ ከጨለማ ክፍል የወረሱት። ዶጅ ያቺ የእንቁላል ካርቶኔ ናት፣ በርን ያ የተበሳው ካርቶን። ልዩነቱ እዚህ ከተሳሳትኩ እመልሰዋለሁ። ይህ መባረክ ነው፣ ግን አደጋም አለው። ማቆሚያ የለውም። ትንሽ ላብራው፣ ትንሽ ልሳለው፣ ትንሽ ላለስልሰው እያልክ ሳታውቀው ሌላ ሰው ትፈጥራለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ውድ ስለሆነ ቀድመህ ትወስናለህ። ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ውሳኔ ራስህ ይዘህ መግባት አለብህ። እኔ አሁን ፋይል ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፦ ፊት ይብራ፣ ጥለቱ ይታይ፣ ዋርካው ጥላ ውስጥ ይቅር። ሦስቱ ካለቁ እዘጋዋለሁ።

ከዚያ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ላክሁት። በቴሌግራም ነው የላክሁት፣ እንደ ሁልጊዜው። ሁለት ስህተት በአንድ ቀን። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ፎቶ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይቀንሰዋል። ያ በ300 ዲፒአይ 11 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። እባካችሁ የሚታተም ፎቶ በፋይል አድርጋችሁ ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ስህተት ለማተሚያ ቤቱ ምንም አለመናገሬ ነው። ፎቶውን ስቀበል ክው ብዬ ቀረሁ። ከስክሪኑ የጨለመ ነው፣ አረንጓዴ ይመታል፣ ከሁሉ በላይ ግን እምዬ አይደለችም። ፊቷ እንደ ሕፃን ለስልሷል። ሽብሽቡ የለም። ንቅሳቷም የለም። ልጁ በቅንነት ነው ያደረገው፣ "አሳመርኩልህ" አለኝ። አልተቆጣሁትም። ግን ያ ንቅሳት በልጅነቷ በእሾህ ሲወጋ እንዴት እንዳለቀሰች እምዬ ራሷ ስንት ጊዜ አጫውታኛለች። እሱ ሲጠፋ ታሪኳ ነው የጠፋው።

ማስተካከል ድሮም ነበር፣ አይካድም። ጋሼም ትልልቅ ኔጌቲቭ ላይ በተሾለ እርሳስ የዓይን ሥር ጥላ ይሞሉ ነበር፣ ሪተች ነው የሚባለው። ግን ሰውየው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጠፋ ብጉር ካለበት ያነሱለታል፣ ጠባሳና ንቅሳት አይነኩም። መስፈርታቸው ይኸው ነበር፣ እኔም ዛሬ የምይዘው እሱን ነው።

አረንጓዴው የመጣው ጥቁርና ነጩ በባለቀለም ወረቀት ስለታተመ ነው። ብዙዎቹ ፎቶ ላቦች ያላቸው ማሽን ፎቶውን በሌዘር ብርሃን ባለቀለም ወረቀት ላይ ጽፎ በኬሚካል ያጥበዋል። አዎ፣ እነሱም ውስጣቸው ጨለማ ክፍል ነው፣ ኬሚካል አለው፣ ውሃ አለው። ኬሚካሉ ትንሽ ከተዛባ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። በቀለም ፎቶ ላይ ዓይን አይገባም፣ በጥቁርና ነጭ ግን ያፈጣል። ለጥቁርና ነጭ የሚሻለው ሁለት ሦስት ዓይነት ግራጫ ቀለም ያለው የፒግመንት ኢንክጄት፣ ማለትም ቀለሙ ከጥቃቅን ደረቅ ቅንጣቶች የተሠራ ፕሪንተር ነው። በጠርሙስ የሚሞላው ርካሽ ቀለም ብዙውን ጊዜ ዳይ (የሚሟሟ ቀለም) ነው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይገረጣል። ስታሳትሙ ጠይቁ።

ጨለማው ደግሞ የራሴ ስክሪን ጥፋት ነበር። እስከ መጨረሻ አብርቼው ነው የምሠራው። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን የተሰጠውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ደማቅ ስክሪን ላይ ደህና የመሰለ ፎቶ ወረቀት ላይ ይጨልማል። መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ቀላሉ መንገድ ይኸው፦ ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት በመስኮት ብርሃን ያዙ፣ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ድረስ ስክሪኑን ቀንሱት። የእኔ ከግማሽ በታች ወረደ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ የጋሼ ትምህርት ትዝ አለኝና የሙከራ ቁራጭ በኮምፒውተር ሠራሁ። ይህን ሁላችሁም አድርጉት። አንድ 10 በ15 ገጽ ከፈትኩ። ፊቷና ነጠላዋ የሚገናኙበትን ያንኑ ቦታ ቆርጬ አምስት ጊዜ ጎን ለጎን ደረደርኩት። አንዱ እንዳለ፣ ሌሎቹ ደረጃ በደረጃ እየበሩ። ከሥራቸው ቁጥር ጻፍኩ። ሌላ ማተሚያ ቤት ሄጄ "እባክህ ምንም እርማት አታድርግበት፣ እንዳለ አትምልኝ" አልኩት። ያቺ አንዲት ትንሽ ወረቀት የሁለት ትልልቅ ፎቶ ወጪ አዳነችኝ። መብራት ሥር ሳይሆን ደጅ ወጥቼ በቀን ብርሃን አየኋት። ቁጥር 3 ነበር ትክክሉ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ያየሁትን ልንገራችሁ። የጨለማ ክፍሉ ጥላው ጥልቅ ነው፣ ዋርካው ሥር ያለው ጥቁር ዓይን ይስባል። ኢንክጄቱ ላይ ጥቁሩ ላዩ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ግን ነጠላው ይበልጣል። እውነት ነው፣ ይበልጣል። ጥለቱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መስቀሎች በጨለማ ክፍሉ ፎቶ በማጉያ ነው የማያቸው፣ በዚህኛው በባዶ ዓይን። እንደ እሱ ያለ ጥቃቅን ቦታ በካርቶንና በእጅ መጋረድ አይቻልም። ፊቷን በተመለከተ የእጅ ሥራዬን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱን በቃል ማስረዳት አልችልም።

ዛሬ በዲጂታል ለምታነሱ አንድ ነገር ከዚህ ውሰዱ። ፊልም ነጩን በቀላሉ አይጥልም። ነጠላው ከመጠን በላይ ብርሃን ቢያገኝም ኔጌቲቩ ላይ ድፍን ብሎ ይቀመጣል፣ በጊዜ ብዛት ይወጣል። እኔ አሥራ ሁለት ሴኮንድ ጨምሬ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ዲጂታል ካሜራ ግን ነጩ አንዴ ከልክ ያለፈ ብርሃን አግኝቶ ከተቃጠለ እዚያ ቦታ ምንም የለም፣ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ስለዚህ ጥምቀት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ስታነሱ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሱ፣ ካሜራው የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይበትን ቅንብር ክፈቱ፣ ነጠላው ላይ ብልጭታ ካለ ብርሃኑን ቀንሱ። ፊቱ ቢጠቁር ግድ የለም፣ ፊት ይመለሳል። በፊልም ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ለፊቱ ለኩ፣ ነጠላውን ለጨለማ ክፍሉ ተዉት።

ስለ ማስቀመጥም ላንሳ። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ያነሳሁት ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጠቅ ጠቅ አለና ሞተ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ፣ የልጄ የመጀመሪያ ልደት፣ ሁሉም ሄደ። የ1991ዱ ኔጌቲቭ ግን በአንድ የወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ተጉዞ፣ ሦስት ቤት ቀይሮ ደህና ነው። ፊልም ይሻላል ለማለት አይደለም፣ ኔጌቲቭም ይሻግታል፣ ይቃጠላል፣ ይጠፋል። እኔ አሁን ፋይሎቼን ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ነው። የምወደውን ደግሞ አትማለሁ።

እህቴ ጋ ሁለቱንም ላክሁላት። የጨለማ ክፍሉን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አድርጌ በሰው ላክሁ። ዲጂታሉን በፋይል ልኬ እዚያው አሳተመችው፣ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር። በዚያ መጠን 144 ዲፒአይ ያህል ነው የሚደርሰው፣ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ራቅ ብሎ ስለሚታይ ይበቃል፣ የፊልሙ ግሬይንም (ጥቃቅን ቅንጣቶቹ) ያግዛል። የእኔ ትሪዎች ያንን የሚያህል ወረቀት አይችሉም፣ ስለዚህ ሳሎኗ የገባው ዲጂታሉ ነው። ትንሹን አልጋዋ ራስጌ አደረገችው። ደውላ "ጣቴን ነጠላዋ ላይ ሳሳልፍ ሸማው የሚሰማኝ ይመስለኛል" አለችኝ። የትኛውን እንደነካች አልጠየቅኳትም።

ኔጌቲቩን ወደ ፖስታው መልሼዋለሁ። ፖስታው ላይ በእርሳስ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦ "እምዬ፣ ጥምቀት 1991። ኤፍ 8፣ 15 ሴኮንድ። ፊት በፊልተር 3፣ 4 ሴኮንድ ጋርድ። ነጠላ በፊልተር 1፣ 12 ጨምር። ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ቀንስ። ስካኑ ሰማያዊው ዲስክ ላይ ነው። ንቅሳቷን አትንካ።"